ያልበራችው አረንጓዴ መብራት

ይህን ገጽ ሳነብ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ስታለቅሱ አብሬያችሁ አልቅሻለሁ፣ ስትስቁም ስቄያለሁ። ጽፌ ግን አላውቅም። ስሜ ይቅር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደሞዝ አይደለም፣ ስለ ክፉ ማዳምም አይደለም። ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስ ነው። "እኛና ቮልስ ምን አገናኘን?" ሳትሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምሰራው ኒው ካይሮ ነው፣ ተጋሙዕ ኻሚስ፣ ከሻሪዕ ቲስዒን ገባ ብሎ። የተቀጠርኩት ለባባ ነው። ባባ የማዳም አባት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። ሚስታቸው ሲያርፉ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ ልጃቸው ወደ ራሷ ቤት አመጣቻቸው። ምግባቸውን እሰራለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት የደም ግፊታቸውን ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ቤቱንና ጋራዡን አጸዳለሁ።

ባባ ወደዚህ ቤት ሲመጡ ይዘው የመጡት ሁለት ሻንጣና ቮልሳቸውን ነው። በፈረንጅ 1966 የተሰራች፣ ነጭ። ማዳም "ቦታ ያዘችብን፣ ትሸጥ" ትላለች። ባባ ይሄ ሲነሳ ጆሯቸው አይሰማም።

መጀመሪያ ሰሞን ከጋራዥ ጠሩኝና "ያ ቢንቲ፣ ላምባውን እዪልኝ" አሉኝ። አረብኛዬ ገና ነበር። ላምባ የምናውቀው ለኩራዝ የምንገዛውን ነው አይደል? ወጥ ቤት ገብቼ ፈለግኩ፣ ዕቃ ቤቱንም አገላበጥኩ። ተመልሼ "ባባ፣ ላምባ የለም፣ ቡታጋዝ ነው ያለን" አልኳቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ለካ በግብጾች ላምባ ማለት አምፖል ነው። መኪናዋ ፊት ለፊት፣ እነሱ ታብሎህ የሚሉት ቦታ ላይ ያሉትን ትናንሽ መብራቶች እንዳይላቸው ነበር የፈለጉት። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። መኪናዋ ደግሞ የባትሪዋ ጉልበት 6 ቮልት ብቻ ስለሆነ መብራቶቹ ደብዛዛ ናቸው፣ ፀሐይ ካለ እኔም በእጄ ጋርጄ ነው የማያቸው።

በዚያ ቀን ስራዬ ላይ አንድ ስራ ተጨመረ። መብራት አንባቢ ሆንኩ።

ስለ መኪና ጨርሶ አላውቅም ማለት ግን አልችልም። ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴ ጋራዥ በር ላይ ሻይ ትሸጥ ነበር፣ እኔ ብርጭቆ እሰበስብ ነበር። ቺንጊያ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ፑሌጃ የሚሉትን ቃላት ፊደል ሳልቆጥር ነው የሰማኋቸው። ቮልስም ቢሆን ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለችም። ባባ አንድ ቀን "እናንተ አገር ይህች መኪና አለች?" ሲሉኝ "ንጉሣችንን ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው በሷ ነው" አልኳቸው። አላመኑኝም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጃንሆይን አውርዶ በቮልስ እንደወሰዳቸው ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "የእኛ ንጉሥ ፋሩክ በ1952 የሄደው በመርከብ ነው፣ ከእስክንድርያ። የእናንተው በቮልስ!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመኪናዋም ለእኔም ያላቸው አክብሮት የጨመረ ይመስለኛል።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሁለት መብራቶች መብራት አለባቸው። ቀይዋ የዲናሞ ናት፣ አረንጓዴዋ የዘይት። ሞተሩ ሲነሳ ሁለቱም ይጠፋሉ። ባባ ሁልጊዜ "ሀምራ?" ይላሉ፣ ቀይዋስ ማለታቸው ነው። "ሀምራ" እላለሁ። "ኸድራ?" "ኸድራ።" ይህን ሳንባባል ሞተር አይነሳም።

"ለምን?" ብዬ ጠየቅኳቸው። መሐንዲስ ናቸው፣ ለምን ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። ቀይዋ አምፖል በአንድ በኩል ከባትሪው ጋር፣ በሌላ በኩል ከዲናሞው ጋር የተያያዘች ናት። ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው ብቻ ስለሚገፋ ትበራለች። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞውም ከዚያኛው በኩል ይገፋል፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ትጠፋለች። አረንጓዴዋ ደግሞ ከሞተሩ ላይ አንዲት ሽቦ አላት። ዘይቱ በኃይል መዞር ሲጀምር የሽቦዋ መንገድ ይቋረጥና ትጠፋለች። እየነዱ ሳለ አረንጓዴዋ ከበራች ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ ዘይት መለካት ነው። ዘይት በአረብኛም ዘይት ስለሆነ ይቺ አልከበደችኝም።

"ቀይዋ እየነዱ ብትበራስ?" አልኳቸው።

"ቆመን ወደ ኋላ እንሄዳለን" አሉ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ውሃም ራዲያተርም የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት ንፋስ ነው። ንፋሱን የሚያመጣው ፋን የተሰካው ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ባትሪው መሙላቱን ብቻ አይደለም የሚያቆመው፣ ንፋሱም ይቆማል። መኪናዋ ግን መሄዷን አታቆምም። ሞተሩ እየጋለ እየጋለ ሄዶ እስኪነክስ ድረስ ትሄዳለች። "ሰውም እንደዚሁ ነው" አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ዓርብ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ማዳም ሳትነሳ፣ ሻሪዕ ቲስዒንን አንድ ዙር እንዞራለን። አውቃለሁ፣ ሞራ ያለበት ሰው መንዳት የለበትም። እኔም ብሆን "እምቢ" ማለት ነበረብኝ። ግን ማን ነኝ እምቢ የምለው?

አንድ ዓርብ ጨዋታ ይዘን ዳኢሪ ድረስ ሄድን፣ ትልቁ የቀለበት መንገድ ማለት ነው። ስንመለስ ቀይዋ በራች።

"ባባ፣ ቀይዋ በርታለች።"

"ፀሐይ ነው ያ ቢንቲ።"

በእጄ ጋረድኩ። "ፀሐይ አይደለም ባባ።"

"ቤት ደርሰናል'ኮ። አምስት ደቂቃ።"

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት በሰራሁበት ቤት ወጥ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይለኝ ነበር። ለማዳሟ ነገርኳት። "ማልኪሽ ዳዕዋ፣ ስራሽን ስሪ" አለችኝ። አያገባሽም ማለት ነው፣ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ አልተናገርኩም። አንድ ጠዋት ምድጃ ስለኩስ እሳቱ ክንዴን ያዘኝ። ማዳሟ እየሮጠች መጥታ መጀመሪያ ያለችኝ "ለምን አልነገርሽኝም?" ነው። ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር ቢኖር ዝም ማለት ነው። ብናገርም የሚሰማኝ የለም፣ ቢደርስም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ታዲያ ምን አደከመኝ?

ቀይዋን እያየሁ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ክንዴን ነካ አደረግኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ "ኡአፍ ያ ባባ! አሁን! ይቁሙ!" አልኩ። በሕይወቴ አሰሪዬን አዝዤ አላውቅም። ባባ ደነገጡ። ዳር ይዘው ቆሙና ሞተሩን አጠፉ።

ከኋላ ስንከፍተው ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈን። ቺንጊያው የለም። ቁራጩ ከታች ተንጠልጥሏል።

ባባ ብዙ አልተናገሩም። ትርፍ ቺንጊያ ከፊት ከሻንጣው ቦታ አለ፣ ተውፊቂያ ሄደን የገዛነው። ተውፊቂያ መሀል ካይሮ ያለ የመኪና ዕቃ መሸጫ ነው፣ እንደ መርካቶው ሶማሌ ተራ አስቡት። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ባባ 21 ቁልፉን ያዙ፣ እጃቸው ግን ተንቀጠቀጠ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ካቻቢቴውን በፑሌጃው ጎን ባለችው ቀዳዳ አስገብቼ እንዳይዞር ያዝኩት፣ ትልቁን ዳዶ ፈታሁ። ፑሌጃው እንደ ብስኩት ለሁለት ይከፈላል፣ መሀሉ ላይ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ሮንዴላ ከመሀል ስትቀንሺ ቺንጊያው ይጠብቃል፣ ስትጨምሪ ይላላል። የተረፈውን አትጥይውም፣ ከውጭ በኩል ከዳዶው ስር ታስቀምጪዋለሽ፣ ለሌላ ጊዜ። ሁለት ጊዜ አስሬ ፈታሁ። በሦስተኛው ባባ በአውራ ጣታቸው ቺንጊያውን ተጫኑት፣ አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ገባ አለ። "ተማም" አሉ።

ቁልፉ ዞረ። ሀምራ? ሀምራ። ኸድራ? ኸድራ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሁለቱም ጠፉ። እጄ ጥቁር ነው፣ ነጭ የስራ ልብሴ ተበላሽቷል፣ እኔ ግን እየሳቅኩ ነው።

ቤት ስንገባ ማዳም በር ላይ ነበረች። የተናገረችውን ሁሉ አልጽፈውም። "አባቴን ልትገድዪው ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ባባ "መኪናዋንም እኔንም ያዳነችን እሷ ናት" አሉ። ከዚያም ቁልፉን አውጥተው ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። "ከዛሬ ጀምሮ አልነዳም" አሉ። እንዲህ ሲሉ ወደ እኛ አላዩም።

ወር ቆይቶ ማዳም ልቧ ራራ። ለባባ ልደት ልጁ በቮልሷ ዓይን ሱኽና፣ ባሕር ዳር ሊወስዳቸው ተወሰነ። ከእኛ ሰፈር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሀሉ በረሃ። መኪናዋ መጀመሪያ ጋራዥ ተልካ ዘይት ተቀየረላት፣ ታጥባ መጣች። ጉዞው በሦስተኛው ቀን ነበር።

ጋራዡን የማጸዳው እኔ ነኝ አላልኳችሁም? በመጀመሪያው ጠዋት ከመኪናዋ ስር የሳንቲም ያህል ጠብታ አየሁ። ጠረግኩት። በማግስቱ ሰሃን አክሎ ነበር። አሮጌ መኪና ነው፣ ትንሽ ያንጠባጥባል ብዬ ጠረግኩት። በሦስተኛው ቀን፣ በጉዞው ጠዋት፣ ትሪ አክሏል።

ልጁ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። እኔ የባባን መድኃኒትና ምግብ ይዤ በመስኮቱ በኩል ቆሜያለሁ። ልማድ ሆኖብኝ አየሁ። ቀይዋ በራች። አረንጓዴዋ የለችም።

"አረንጓዴዋ አልበራችም" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ ነዋ!" አለ ልጁ። "መብራት ካልበራ ደህና ናት።"

ማዳም "በቃ ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ" አለች።

ደግሜ መናገር አለብኝ፣ እግሬ ግን ተንቀጠቀጠ። ልደት ነው፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ተሳስቼ ቢሆንስ? ከአሁን በፊት አንዴ ተቆጥታኛለች፣ ሁለተኛ ብትቆጣ ከስራ መውጣት ነው። እናቴ የምትጠብቀው ብር አለ። ግን ወለሉን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የጠረግኩትም እኔ ነኝ።

"ባባ" አልኩ፣ "ቁልፉ ዞሮ ኸድራ አልበራችም። ስሩ ደግሞ ዘይት አለ።"

ባባ ከመኪናው ወረዱ። "ሞተር እንዳታስነሳ" አሉት ልጁን። ዘይት መለኪያዋን ዘንግ አወጡ። ጫፏ ላይ ብቻ ነው ያለው። ከሞተሩ ሆድ ስር ያለችው ክብ ክዳን በ6 ትናንሽ ዳዶዎች ነው የምትያዘው፣ ዘይት ሲቀየር አላጠበቋቸውም። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ራሱ 2 ሊትር ተኩል ነው፣ ያው እየፈሰሰ ነበር። የአረንጓዴዋ ሽቦ ደግሞ ከቦታዋ ወልቃለች። ሽቦዋ ከወለቀች አረንጓዴዋ ዘይት ቢያልቅም አትበራም። ልጁ በረሃው መሀል ሞተሩ እስኪነክስ ድረስ "ደህና ናት" እያለ ይነዳ ነበር።

ባባ እኔን ከመሪው ጋር አስቀመጡኝ። እሳቸው ከኋላ ሽቦዋን ይዘው ብረት አስነኳት። "ነወረት?" ብለው ጮኹ፣ በራች ወይ ማለታቸው ነው። "ነወረት!" ብዬ መለስኩ። ጎረቤት እስኪሰማን ድረስ። ማዳም በሩ ላይ ቆማ አየችን። ከዚያ ዕለት ወዲህ "ማልኪሽ ዳዕዋ" ከአፏ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነውና።

በማግስቱ ጠዋት የባባን ግፊት ለክቼ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። ባባ "አንቺስ?" አሉኝ። "እኔ ደህና ነኝ" አልኩ። "አረንጓዴዋም ደህና ነኝ ብላ ነበር" አሉኝና ክንዴን ጠየቁኝ። ሳቅኩ። መለኪያውን አሰሩልኝ። 172 በ108። ደግመን ለካነው፣ ያው ነው።

ወራት ሙሉ ራሴን ሲያመኝ ነበር። ማታ ማታ ጆሮዬ ይጮኻል። ድካም ነው፣ እንቅልፍ ነው እያልኩ በፓናዶል አሳልፌዋለሁ። መለኪያው በየቀኑ እጄ ላይ ነው፣ ለራሴ አስሬው አላውቅም። ቀይዋ በርታ ነበር፣ እኔ ግን "ፀሐይ ነው" እል ነበር። ማዳም ራሷ ሐኪም ጋር ወሰደችኝ። አሁን በየቀኑ ክኒን እወስዳለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ፣ የባባ ደብተር ላይ ለእኔም አንድ መስመር ተሰምሮልኛል።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ የማወራት አንድ ዓይነት ነው። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ። አንቺስ?" "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ብር ደረሰሽ? ደረሰኝ። ቻው። በዚያ ቀን ግን "እማ፣ ግፊት አለብሽ ተባልኩ" አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ "እኔም ስኳር አለብሽ ካሉኝ ስድስት ወሬ ነው" አለችኝ። "አንቺ በሰው አገር እንዳትጨነቂ ብዬ ነው'ኮ።"

ሁለታችንም አለቀስን። ስድስት ወር ሙሉ እሷ ለእኔ፣ እኔ ለእሷ "ደህና ነኝ" ስንባባል ከረምን። ብር ስልክ ብቻ ሳይሆን እህል ስኳር የምትቆጥርበት ብር እንደሚያስፈልጋት አላወቅኩም ነበር። አሁን መድኃኒቷን ለይቼ እልካለሁ። ስንደዋወልም መጀመሪያ ቁጥር ነው የምንጠያየቀው፣ "ስንት ሆነ?" "ስንት ሆነ?" ከዚያ ነው ሌላ ወሬ።

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን "ምንም አይለኝም" እንላለን። የማይለን ደህና ስለሆንን ነው ወይስ ሽቦው ወልቆ ነው? እዚህ ካይሮ ፋርማሲ ገብታችሁ ግፊት ለኩኝ ብትሉ ይለኩላችኋል። ነገ ለገበያ ስትወጡ ጎራ በሉ። ጓደኛችሁንም "ደህና ነሽ?" ብላችሁ "ደህና ነኝ" ስትላችሁ እዚያ ላይ አትተዋት፣ አንድ ጊዜ ጨምራችሁ ጠይቋት። ስራ ቦታ ያያችሁትን አደጋ ደግሞ አንዴ ዝም ቢያሰኟችሁ ሁለተኛ ተናገሩ። እኔ ክንዴ ላይ ነው የተማርኩት።

ባባ ደህና ናቸው። ሱኽናም ዘግይተው ሄደው መጡ። መኪናዋ እስካሁን አልተሸጠችም። ዓርብ ዓርብ ልጁ ይነዳል፣ ባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ባትሪዋ ከወንበሬ ስር ናት። ልጁ ቁልፉን ሲያዞር ባባ አሁንም ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔም ተንጠራርቼ አይቼ "ሀምራ፣ ኸድራ" እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩ የሚነሳው።